ስምንት ሲሊንደርና አንድ ተሳቢ

ሰው ትልቅ መኪና ሲያምረው በቀጥታ «አማረኝ» አይልም። መጀመሪያ ምክንያት ይፈልግለታል። አንዱ ወገቤን ያመኛል ይላል። ሌላው የገጠሩ መንገድ አስቸገረኝ ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ልጆቼ ረዘሙ፣ እግራቸውን የሚዘረጉበት አጡ ብሎ ያዝናል። የሚስቴ ታላቅ ወንድም አያ ይበልጣል ግን ከሁሉም የተለየ ምክንያት አገኘ። ተሳቢ አሠራ።

አያ ይበልጣል እንጅባራ ውስጥ ለሠርግና ለልቅሶ ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት የሚያከራይ ሰው ነው። ከዚያ በፊት ለከሰልና ለአጥር የሚተከለውን የዲከረንስ ዛፍ አጣና ይነግድ ነበር። ስሙን ሲያወጡለት ወላጆቹ ምን አስበው እንደነበር አላውቅም፤ ልጁ ግን ስሙን ያሳፈረበት ቀን የለም። ሁለት ነገር ፊቱ ከቀረበ ትልቁን ያነሣል። ጃንጥላ ሊገዛ ገብቶ ቤተሰብ የሚያስጠልል ይዞ ይወጣል። ቴሌቪዥን የገዛ ጊዜ ዕቃው በበሩ አልገባ ሲል ሱቁ ሄዶ በትንሹ መለወጥ አልታየውም። ግንበኛ ጠርቶ በሩን አስፈረሰ።

እውነቱን ለመናገር ለድንኳንና ለወንበር የሚያስፈልገው አንዲት ትንሽ የጭነት መኪና ነበረች። ይህንን ሚስቴ ብርቱካን ደጋግማ ነግራዋለች። እሷ እህቱ ስለሆነች የምትፈራው ነገር የለም። ችግሩ የጭነት መኪና ከፊት ቢታይ የጭነት መኪና ነው፣ ከኋላ ቢታይም የጭነት መኪና ነው። የጭነት መኪና ይዞ ለሚያልፍ ሰው ማንም ከወንበሩ ብድግ ብሎ እጅ አይነሣም። አያ ይበልጣል የሚፈልገው ደግሞ ያንን ነጭ፣ መስኮቱ የጠቆረ፣ ሲያልፍ አቧራው እንኳ የተከበረ የሚመስለውን ዓይነት መኪና ነው። ወንበሮቹስ? ወንበሮቹ ከኋላ በተሳቢ ይከተላሉ።

ስለዚህ መኪናው ሳይገዛ ተሳቢው ተሠራ። ብየዳ ቤቱ የሠራው ነገር ጠንካራ ነበር፤ ሁለት ጎማ፣ የብረት አጥር፣ ከፊቱ ረጅም አንገትና ከመኪናው ኋላ ባለው መጎተቻ መንጠቆ፣ ኩላቡ ላይ የሚገባ ቀለበት አለው። ደጁ ላይ ቆሞ ከረመ። የጎረቤት ዶሮዎች ጥላው ሥር መሰብሰብ ጀመሩ። አያ ይበልጣልም ኮርቻ ገዝቶ በቅሎ እንደሚፈልግ ሰው ላገኘው ሁሉ «ተሳቢ አለኝ፣ የሚስበው የለኝም» እያለ አቤት ይል ጀመር። ሰሚው እንዲያዝንለት አድርጎ ነው የሚናገረው። እኔ ራሴ አዝኜለታለሁ።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነኝ። በዚህ የተነሣ በዘመድ አዝማድ ዘንድ ሶኬት ሲቃጠል፣ ፍሪጅ ሲጮኽና ቴሌቪዥን ሲዥጎረጎር የምጠራ እኔ ነኝ። የትኛውንም ጠግኜ አላውቅም፤ ግን ለምን እንደተበላሸ በሚገባ አስረዳለሁ። እናም አንድ ደላላ ባሕር ዳር ሁለት መኪና አገኘሁ ሲል፣ አያ ይበልጣል «ጉልበት የአንተ ትምህርት አይደለም ወይ?» ብሎ ይዞኝ ሄደ።

ሁለቱ መኪኖች መንትያ ነበሩ። ቀለማቸው፣ ቁመታቸው፣ የመስኮታቸው ጥቁረት አንድ ነው። ልዩነታቸው አንደኛው ስድስት ሲሊንደር፣ ሁለተኛው ስምንት መሆኑ ብቻ ነው። የተሳቢውን ክብደት፣ የወንበሩን፣ የድንኳኑንና የድስቱን በአእምሮዬ ደመርኩ። ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ያለውን ዳገት አሰብኩ። ከዚያ ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ የተባለውን ጭነት ለመሳብ ስድስቱ ይበቃል አልኩ።

አያ ይበልጣል፣ ሕመሙ ተራ ጉንፋን ነው እንደተባለ በሽተኛ ፊቱ ወደቀ።

«የእኔ ስም ይበቃል ነው?» አለኝ።

አይደለም አልኩ።

«እንግዲያው» ብሎ ወደ ስምንቱ ሄደ።

ደላላው የስምንቱን ሞተር አስነሥቶ ነዳጅ ሰጠው። ከሆዱ የወጣው ድምፅ ደረቴ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። ይህ መኪና ተራራ ቢታሰርበት ይዞ ይሄዳል አለን ደላላው። ተራራውን የት እንደምናቆመው የጠየቀው ሰው የለም። «እስቲ መምህሩ ይሞክሩት» ተብዬ መሪውን ያዝኩ፤ በሐይቁ ዳር ጎዳና አንድ ጊዜ ወጣ ብዬ ተመለስኩ። ስሄድ የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። ስመለስ ሌላ ሰው ነኝ። አንድ የትራፊክ ፖሊስ እጁን ወደ ባርኔጣው ከፍ አድርጎልኛል። ምናልባት ዝንብ እያባረረ ይሆናል፤ እኔ ግን እንደ ሰላምታ ተቀብዬዋለሁ። ከመኪናው ስወርድ ስለ ዳገቱ የነበረኝ አስተያየት ተለውጦ ነበር። ዳገቱን ሳስበው ድሮ ከማውቀው የቆመ መሰለኝ፤ ስምንቱ ይሻላል አልኩ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ስለ መሳብ ብዙ ተወያይተናል። በመንገድ ላይ ተወያይተናል፣ በምሳ ሰዓት ተወያይተናል። ወደ እንጅባራ ስንመለስ ፀጉር አስተካካዩም፣ ባጃጅ ነጂዎቹም፣ ጎረቤቶቹም ሐሳብ ሰጥተዋል። ናፍጣውን የሚሞላው ሌላ ሰው በመሆኑ ሁሉም ያለ ማመንታት ስምንቱን መርጠዋል፤ ስምንቱም ተገዛ። ተሳቢ ያሰረ መኪና ወደ ኋላ እንዴት እንደሚሄድ የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ጥያቄ የጠየቁት አማቴ ብቻ ነበሩ። አማቴ አቶ አላምረው፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው፣ ከእንጅባራ ወደ አዲስ ቅዳም በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለው ቀዬ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፈረስ አርብተዋል። መኪናውን ሊያዩ የመጡ ዕለት ጉልበቱን ላስረዳቸው ብዬ፣ ከሁለት መቶ በላይ ፈረስ የሚያክል ጉልበት አለው አልኳቸው። ዞር ዞር ብለው አዩት። ከዚያ የደጋ ፈረስ ነው የቆላ ብለው ጠየቁኝ። እንደማላውቅ ነገርኳቸው። ፈረስና ፈረስ አንድ እንዳልሆነ፣ ሁለት ፈረስ እንኳ በአንድ መንገድ ለመስማማት እንደሚቸገር፣ ይህን ሁሉ ፈረስ የሚገራው ሰው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። አያ ይበልጣል በኩራት ወደ እኔ ጠቆመ። አባባ አዩኝ፤ ለልጃቸው በአዊኛ አንድ ነገር አሉት። እኔ የቡሬ ልጅ ስለሆንኩ አዊኛ አልሰማም። ምን አሉ ብዬ ስጠይቀው አያ ይበልጣል ስለ አየሩ ነው አለኝ።

ለምን እኔ እንደምነዳ ላስረዳ። አያ ይበልጣል መንጃ ፈቃድ አለው። ነገር ግን እንደዚህ ያለ መኪና ውስጥ መሪ የያዘ ሰው ሹፌር ነው፤ ባለቤቱ በጎን ይቀመጣል። ሹፌር እንዳይቀጥር ደግሞ አማች አለው።

የመኪናው የመጀመሪያ ሥራ የቤተሰቡ የራሱ ሆነ። ሙሉ የምትባለው የሚስቴ ታናሽ እህት በግንቦት ልታገባ ነው። ሠርጉ እሑድ፣ ድንኳኑ ደግሞ ቅዳሜ ከቀትር በፊት አባባ ግቢ ውስጥ መተከል አለበት። በእኛ አገር ግንቦት የሚታመን ወር አይደለም፤ ጠዋት ጠራ ብሎ ከሰዓት በኋላ ሊያወርደው ይችላል። ደጋሾቹ፣ እንግዶቹ፣ የሙሽራው ወገን ሁሉ የሚጠለለው በእኛ ድንኳን ነው። ብርቱካን ዓርብ ዕለት ወደ አባቷ ቤት ስትሄድ አንድ ነገር ብቻ አደራ ብላኛለች። አርፍዳችሁ እንዳታዋርዱን።

አላረፈድንም። ቅዳሜ በጠዋት ድንኳኑ፣ የላስቲክ ወንበሮቹና ድስቶቹ ተሳቢው ላይ ተጭነው በገመድ ታሰሩ። እንጅባራ ያደሩት አባባ ከኋላ ወንበር መሐል ላይ፣ አያ ይበልጣል ከጎኔ ተቀመጡ። ስንነሣ መኪናው ተሳቢ እንደታሰረበት እንኳ የሚያውቅ አይመስልም ነበር። አያ ይበልጣል በየመሐሉ እየዞረ ተሳቢው መኖሩን ያረጋግጣል፤ ሲያየው ይደሰታል፤ ይስቃል። «አየህ፤ ስድስቱ ቢሆን ይሄኔ ያለከልክ ነበር» ይለኛል። እኔም ያለከልክ ነበር እላለሁ።

ወደ አባባ ቀዬ የሚያስገባው መታጠፊያ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከፊታችን አጣና የጫነ መኪና አገኘን። በዝግታ ነው የሚሄደው። ከኋላው ሆነን ትንሽ ብንታገሥ መታጠፊያው ላይ እንደርስና እሱም መንገዱን እኛም መንገዳችንን እንይዝ ነበር። አያ ይበልጣል ግን የአጣና መኪና ጭስ እየጠጣ የሚሄድበት ዘመን አልፏል። እለፈው አለኝ። ነዳጅ ሰጠሁት። ስምንቱም ሲሊንደር በአንድ ድምፅ ተነሡ፤ ያንን መኪና እንደቆመ ዛፍ አለፍነው። እውነቱን ልናገር፣ ደስ የሚል ነገር ነው። ሁለታችንም ዞር ብለን ወደ ኋላ አየነው።

አባባ ቀስ ብለው፣ «መንገዳችን ቀርቷል» አሉ።

ቆምኩ። መታጠፊያው ከኋላችን፣ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ቦታ ላይ ይታያል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ ቦይ ነው፤ አዙሬ ልመለስ ብል ከነተሳቢው ለርዝመታችን አይበቃም። ትንሽ ወደ ኋላ ብል ግን ያልቃል። ኋላ ማርሽ አስገባሁ።

ተሳቢ ያሰረ መኪና ወደ ኋላ ነድቶ የማያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ በእኔ መፍረድ ይጀምራል። ይጀምር። መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞረው ተሳቢው ወደ ግራ ይሄዳል። ስህተትህን አውቀህ ወደ ግራ ስትመልሰው እሱ ወደ ቀኝ ይሄድና አልመለስም ይላል። ምክንያቱን አውቃለሁ። ሰሌዳ ላይ ሥዬ ማስረዳት እችላለሁ። እያወቅሁት ተሳቢው እንደተቆጣ በግ አንገቱን አጥፎ ከመኪናው ጎን ጋር ፊት ለፊት ተያየ። ወደ ፊት ሄጄ አቃናሁት፤ እንደገና ሞከርኩ፤ በሌላኛው ጎን መጣ።

በዚህ መሐል ሰው ተሰበሰበ። በአገራችን መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው የለም፤ ሁሉም የመምራት ግዴታ አለበት። ወደ ገበያ የሚሄዱት ሸክማቸውን አስቀምጠው ከበቡን። ከግራ በኩል ያሉት ና፣ ና፣ ና ይሉኛል፤ ከቀኝ ያሉት ተው፣ ተው፣ ተው ይላሉ። አንዲት ድንች የተሸከሙ እናት መሪውን በሙሉ እንድሰብረው በእጃቸው ያሳዩኛል። አያ ይበልጣል በመስኮት ብቅ ብሎ ሁሉንም በተራ ያዳምጥና የመጨረሻውን ሰው ምክር ለእኔ ያስተላልፋል። አንድ ጊዜ የተሳቢው ጎማ ቦዩ አፍ ላይ ደርሶ፣ ወንበሮቹ ወደ ጎን ሲያጋድሉ ሕዝቡ በአንድነት «ኡኡ» አለ። ፍሬን ያዝኩ።

ከዚያ አያ ይበልጣል መስኮቱን ዘጋና ይህ መኪና ወደ ፊት ለመሄድ የተሠራ መኪና እንደሆነ፣ ወደ ኋላ እያሉ ማንገላታት እንደማይገባ፣ አዲስ ቅዳም ሄደን ሰፊ ቦታ ላይ ዞረን እንደምንመለስ አብራራ። ጠቅላላው ነገር ጥቂት ደቂቃ ነው። ይህንን ሲል የአሸናፊ ድምፅ ነበረው። አባባ በአዊኛ አንድ ነገር አሉ። እኔም አልጠየቅሁም፤ የአየሩ ጉዳይ መሆኑን ገምቻለሁ።

ቅዳሜ አዲስ ቅዳም ውስጥ መኪና ማዞር ማለት ምን እንደሆነ ቅዳሜ አዲስ ቅዳም የገባ ያውቀዋል። ገበያው ከቦታው ሞልቶ መንገዱ ላይ ፈሷል። የድንች ጆንያ፣ የከሰል ጆንያ፣ በግ፣ ጋሪ፣ ሰው። ለመዞር ቀርቶ ለማስነጠስ ቦታ የለም። በእግረኛ ፍጥነት እየተሳብን ገባን።

ከዚያ አንድ ያላሰብነው ነገር መጣ። ሰዉ መንገድ ከመልቀቅ ይልቅ ወደ እኛ ይሰበሰብ ጀመር። መጀመሪያ አልገባኝም። ኋላ ራሴን በእነሱ ቦታ አስቀምጬ ሳየው ገባኝ። ትልቅ ነጭ መኪና፣ ጥቁር መስኮት፣ ከኋላው ድንኳንና ወንበር። ይህ ከስብሰባ በቀር ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ከላይ የመጡ ሰዎች ሕዝብ ሊያወያዩ ነው ተባለ። ወሬው ከመኪናችን ቀድሞ በገበያው ውስጥ ሄደ።

አንድ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ በአያ ይበልጣል በኩል መጥተው መስኮቱን በከዘራቸው ጫፍ በትሕትና አንኳኩ። አያ ይበልጣል ከፈተ። ሽማግሌው እጅ ነሥተው፣ በቀበሌያቸው ያለው ድልድይ ጎርፍ ከወሰደው እንደሰነበተ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ልጆች ትምህርት ቤት፣ ሕመምተኞችም ጤና ጣቢያ መድረስ እንዳልቻሉ፣ ደጋግመው አመልክተው ሰሚ እንዳጡ በዝርዝር ተናገሩ። እኔ አያ ይበልጣል ድንኳን አከራይ መሆኑን ነግሯቸው ይቅርታ ጠይቆ እንደሚገላገል ጠብቄ ነበር።

አያ ይበልጣል ጉሮሮውን ጠረገ። «አባቴ፣ ያነሡት ነጥብ ተገቢ ነው፤ በትኩረት እናየዋለን» አላቸው።

ዞር ብዬ አየሁት። ከደቂቃዎች በፊት መሪ አያያዜን ሲረግም የነበረው ሰውዬ ድምፁ እንኳ ተለውጧል፤ በሬዲዮ የሚናገር ነው የሚመስለው። ይህንን አነጋገር ከየት አመጣው ብዬ ሳስብ፣ ድንኳኑን ለስብሰባ ሲያከራይ ከድንኳኑ ጀርባ ቆሞ የሰማው መሆኑ ገባኝ። ሽማግሌው መረቁት። ሌሎች ተከተሉ። አንዲት ሴት ስለ ማዳበሪያ አነሣች፤ በሂደት ላይ ነው ተባለች። አንዱ መብራት ይጠፋብናል አለ፤ ችግሩ እንደሚታወቅ ተነገረው። አባባ በኋላ መስታወት ሳያቸው ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ተከናንበዋል። ብዙ ሰው ያውቃቸዋል እኮ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። የተሳቢው ገመድ ሲፈታ ሰማሁ። ጎበዛዝት ድንኳኑን ለመትከል ተዘጋጅተዋል፤ ወንበር ማውረድም የጀመረ አለ። አንድ ሰው እንዲያውም ተቀምጦበታል። አያ ይበልጣል ግማሽ ወገቡን በመስኮት አውጥቶ መድረኩ ሌላ ቦታ መሆኑን፣ ወንበሮቹ እንዲመለሱ፣ መንገዱም እንዲከፈት አሳሰበ። በሥነ ሥርዓት ተመለሱ፤ ገመዱም ታሰረ፤ መንገዱም ተከፈተ። የተከፈተው ግን ወደ ዳንግላ ነው። ሕዝብ እያጨበጨበ በሸኘን በኩል ወጣን እንጂ ምን ልናደርግ እንችላለን?

ስልኬ ቢጠራም ኔትወርኩ እየተቆራረጠ «የት» የሚለውን ብቻ አምጥቶ ይጠፋል። ለመዞሪያ የሚሆን ቦታ ፍለጋ ግራና ቀኝ እያየሁ እነዳለሁ። አንዱ ይጠብባል፣ አንዱ ረግረግ ነው፣ አንዱ የሰው እርሻ ነው። መኪናው በበኩሉ ደስ ብሎታል። መሐል መሐል የሚያገኘውን ዳገት እንደ ሜዳ ይወጣዋል። የናፍጣው ቀስት ብቻ ከእኛ ጋር አብሮ እያዘነ ቁልቁል ይወርዳል።

ዳንግላ ገባን። ነዳጅ ማደያ አየን፤ ግቢው ሰፊ ነው፤ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው መውጣት ይቻላል። ሁለታችንም እኩል አየነው፤ ምንም ሳንነጋገር ታጠፍኩ። ገብተን ግማሽ እንደተጓዝን ከፊታችን ያሉት መኪኖች እንደማይንቀሳቀሱ ገባኝ። የናፍጣ ሰልፍ ነው። ናፍጣው ገና አልመጣም፤ ቦቴው መንገድ ላይ ነው ተብሏል፤ የትኛው መንገድ ላይ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ዘበኛው እንደ ተራ ሰልፈኛ ቆጥሮ ጠጋ በል አለኝ፤ ስጠጋ ከኋላዬ ትልቅ የጭነት መኪና መጥቶ ዘጋኝ።

አያ ይበልጣል ወርዶ ለማስረዳት ሲሞክር ሰልፈኞቹ ቀደሙት። እንዲህ ያለ መኪና ሁልጊዜ በጎን ገብቶ ቀድቶ ይሄድ እንደነበር፣ እንደ ሰው ተሰልፎ ሲያዩ ዛሬ የመጀመሪያቸው መሆኑን ነገሩት። አንዱ እጁን ጨበጠው። ሌላው እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎች ቢበዙ አገር ትለወጥ ነበር አለ። አያ ይበልጣል ተመልሶ ሲገባ ዓይኑ እንባ ያቀረረ መሰለኝ። አሁን ከሰልፉ ብንወጣ ለሕዝቡ ምን ዓይነት ትምህርት እንሰጣለን ብሎ ጠየቀኝ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ።

ከእንጅባራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ይህንን እያየሁ ስልኬ ጠራ፤ አሁን ጥርት ብሎ ይሰማል። ብርቱካን ናት።

«የት ናችሁ?»

«ዳንግላ።»

ከኋላዋ የድስት ክዳንና የሰው ጫጫታ ይሰማል።

«ዳንግላ ምን ልትሠሩ?»

«ልንዞር።»

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት፤ መታጠፊያውን፣ ቦዩን፣ ገበያውን፣ ሰልፉን። ስለ መሪውና ስለ ተሳቢው አንገት ሳይንሳዊ ማብራሪያ ልጨምር ስል አቋረጠችኝ።

«ተሳቢው ከመኪናው ጋር የተበየደ ነው?»

«አይ፣ ኩላብ ላይ ነው የገባ።»

«እንግዲያው ፍቱታ» አለችና ዘጋችው።

ስልኩን ይዤ ትንሽ ተቀመጥኩ። ለአያ ይበልጣል ነገርኩት። እሱም ትንሽ ተቀመጠ። ከኋላ አባባ ሳቁ፤ ቀኑን ሙሉ የሳቁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ወረድን።

የናፍጣ ሰልፈኛ ሥራ የሚናፍቅ ሰው ነው። ተሳቢውን እንፍታ ስንል ከየመኪናው ወርደው ከበቡን። ቀለበቱ ከኩላቡ ወጣ፤ ተሳቢውን ከነወንበሩ፣ ከነድንኳኑ፣ ከነድስቱ ልክ ከክፍል ወደ ክፍል እንደሚያዛውሩት ጠረጴዛ አዞሩት። ገፍተው አስፋልቱ ዳር፣ አፍንጫውን ወደ እንጅባራ አድርገው አቆሙት። ከኋላዬ የዘጋኝ ሹፌርም የጭነት መኪናውን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ አደረገልኝ፤ እኔም ብቻዬን በኋላ ማርሽ እንደ ጥጃ ቀልጠፍ ብዬ ወጣሁና ተሳቢውን መልሰን አሰርነው። ስንሰናበታቸው አንዱ፣ ቢቀሩ ናፍጣው ሊደርስ ይችላል ብሎ አያ ይበልጣልን ለመነው። አያ ይበልጣል የሕዝብ ጉዳይ እንዳለበት ነግሮት ገባ።

በአዲስ ቅዳም ስናልፍ ገበያው ሊበተን ተቃርቧል። ሽማግሌው መንገድ ዳር፣ ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቆመው ከዘራቸውን አነሡ። አያ ይበልጣል መስኮቱን ዘጋ። ፍጠን አለኝ። የዚያን ሰዓት በእውነት ሥልጣን የያዘ ሰው መሰለኝ።

መታጠፊያውን ሦስታችንም ከሩቅ ጀምረን እየተጠባበቅን ነበር፤ እንደ ዕንቁላል ተጠንቅቄ ታጠፍኩ። ግቢው ስንደርስ ሰዉ ሊቀበለን አልወጣም፤ ሥራ ላይ ነበር። ብርቱካን ስልኩን ከዘጋች በኋላ ዝም ብላ አልጠበቀችንም። ጎረቤት ጠርታ፣ ከአባባ ማሳ ዲከረንስ አስቆርጣ፣ ከጎረቤት ቀርከሃ አስመጥታ፣ የጥንቱን ዳስ እያስተከለች ነው። ምሰሶው ቆሟል፣ ማገሩ ታስሯል፤ የጎደለው ጣሪያ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሲወርዱ ድንኳናችንን ሳንተክለው ዘርግተን ዳሱ ላይ ጣልነው። ዝናቡ መጣ፤ ዘነበ፤ አልገባም። ብርቱካን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምንም አላለችኝም። ይህ ከምንም በላይ አስፈራኝ። ቆይታ ግን ጠላ በጣሳ ሰጥታኝ፣ አንገቴ ላይ የደረቀውን ላብ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ።

እሑድ ሠርጉ ያማረ ሆነ። ሙሽራው መጣ፣ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተጨፈረ። ሙሽሮቹ ሊሄዱ ሲነሡ ግን ሪባን የታሰረባት ትንሿ የሙሽራ መኪና ሌሊቱን ዘንቦ በጨቀየው ዳገት ሥር ተያዘች። ሚዜዎቹ ቢገፉ ሱሪያቸው ቆሸሸ እንጂ ፈቅ አላለችም። ሙሉ በነጭ ቀሚሷ ውስጥ ሆና በመስኮት ዳገቱን ታያለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ይህ የስንብት እንባ ይሁን የጭቃው አላወቅሁም።

አያ ይበልጣል ከሕዝቡ መሐል ወጣ። ከትላንት ጀምሮ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። አሁን ቆፍጠን ብሎ፣ ገመድ እንዲመጣ አዘዘ፤ ወደ እኔ ዞሮ በዓይኑ ብቻ ተናገረ። ገባሁ። ሞተሩን አስነሣሁ። ገመዱ ሲወጠር ተሰማኝ፤ ነዳጅ ሰጠሁ። ጭቃው ጎማዎቹን ሊይዝ ሞከረ፤ አልቻለም። ከኋላዬ ሙሽሮቹን የያዘችው መኪና ሪባኗን እያውለበለበች እንደ ቀላል ነገር ተከተለችን። ሴቶቹ እልል አሉ። አያ ይበልጣል ጫማው ጭቃ እስኪሞላ ድረስ ከጎናችን እየሮጠ ለሁሉም ስምንት ጣቱን ያሳያል።

ዳገቱ አናት ላይ ገመዱ ሲፈታ አባባ ሊመርቁ መጡ። ሁላችንም ቆብ አወለቅን። ውለዱ ክበዱ አሉ። ቤታችሁ ይሙላ፣ እንግዳችሁ ይብዛ አሉ። ከዚያ ወደ መኪናው፣ ወደ እኔም አዩና፣ «መንገዳችሁን እግዚአብሔር ወደ ፊት ብቻ ያድርግላችሁ» አሉ።

ሁሉም አሜን አለ። የእኔ አሜን ግን ከሁሉ ጎልቶ ስለተሰማ፣ ሙሽራይቱ እንባዋን ሳትጠርግ ዞር ብላ አይታኝ ሳቀች።